«እኛ ጋ እኮ ተፈቅዷል»፦ ማሪዋና፣ ሁለት ሕግና አንድ ሰው

ከዴንቨር ለሠርግ የመጣ የአጎት ልጅ ሮቫ ዩድ ቤት እንግዳ ሆኗል እንበል። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሻባት ወጥቷል፣ ላይ ቤት ቡና እየተፈላ ነው። ልጆቹ ሕንፃው ሥር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ወሬው ግራስ ላይ ደረሰ። «እኛ ጋ እኮ ሕጋዊ ነው፤ ሱቅ ትገባለህ፣ መታወቂያ ታሳያለህ፣ ትገዛለህ፣ አለቀ» ይላል የዴንቨሩ። አንዱ ደግሞ ቀበል አድርጎ፣ «እዚህም ቢሆን ምንም የለውም፣ ክናስ ብቻ ነው፤ 500 ሼቄል» ይላል። አጠገባቸው የተቀመጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ጻቭ ሪሾን የደረሰው፣ ዝም ብሎ ይሰማል።

ሁለቱም የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ሰውን የሚጥለው ግን ያልተነገረው ግማሽ ነው። የዴንቨሩ ልጅ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ገና አላገኘም። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ዛሬ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው፣ የዛሬ ዓመት ወታደር ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች «ተፈቅዷል» የሚለውን ቃል ትርጉም ይለውጡታል። እንዴት እንደሚለውጡት ላስረዳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሜሪካ እንጀምር። እዚያ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት መንግሥት ሥር ነው የሚኖረው። አንዱ የግዛቱ መንግሥት ነው፤ ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን። ሌላው ፌዴራሉ ነው። ሁለቱም የራሳቸው የወንጀል ሕግ፣ የራሳቸው ፖሊስ፣ የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። ፌዴራሉ በ1970 ባወጣው የዕፅ ቁጥጥር ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር አንድ ላይ አንደኛው መደብ ውስጥ አስገባው፤ «ለሕክምና አይጠቅምም፣ ሱስ የማስያዝ ኃይሉም ከባድ ነው» የሚባሉት ያሉበት መደብ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ለበሽተኞች ፈቀደች። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛት በ2012 ለማንኛውም አዋቂ ፈቀዱ። እስከ 2023 መጨረሻ እንዲህ ያደረጉት ግዛቶች 24 ደርሰዋል።

«ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ሕግ የበላይ ነው ይል የለም እንዴ? ታዲያ ግዛት እንዴት ይፈቅዳል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን «መፍቀድ» ምን እንደሆነ በመረዳት ላይ ነው ያለው። ግዛት ሲፈቅድ የሚያደርገው የራሱን ቅጣት ማንሳት ነው። የፌዴራሉን ቅጣት ማንሳት አይችልም። በተቃራኒው ደግሞ ፌዴራሉ ግዛቱን «ቅጣትህን መልሰህ አውጣ፣ ፖሊስህን ልከህ ያዝልኝ» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ደጋግሞ ወስኗል። ስለዚህ አንድ በር ላይ ሁለት ቁልፍ ነበረ ብላችሁ አስቡት። ግዛቱ የራሱን ከፈተ። ሁለተኛው እንደተቆለፈ ነው። ችግሩ ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ በየቀኑ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ሕጉ ከእሱ ጋር ነው።

እንዴት እንደሚመጣ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ነሐሴ 2002 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳያን ሞንሰን የምትባል ሴት ቤት መርማሪዎች ገቡ። ከባድ የጀርባ ሕመም ነበረባት፤ በሐኪም ምክር ስድስት የማሪዋና ተክል ቤቷ ታበቅል ነበር። የአካባቢው ፖሊሶች አይተው «በግዛታችን ሕግ ምንም ጥፋት የለባትም» አሉ። አብረዋቸው የመጡት የፌዴራል መርማሪዎች ግን አልተስማሙም። ሦስት ሰዓት ያህል ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ፌዴራሎቹ ስድስቱንም ተክል ነቅለው አጠፉ። እስቲ አስቡት፣ ሁለት ዓይነት ፖሊስ አንድ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ አንዱ «ሕጋዊ ነው»፣ ሌላው «ወንጀል ነው» ሲል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሞንሰንና ኤንጄል ሬይች የምትባል ሌላ በሽተኛ ፌዴራሉን ከሰሱ። «አልሸጥንም፣ አልገዛንም፣ ከግዛቱ ድንበር አልወጣንም፤ ፌዴራሉ ምን አገባው?» ነው ክርክራቸው። ፌዴራል መንግሥት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከግዛት ወደ ግዛት የሚደረግን ንግድ ከመቆጣጠር ነውና ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ሰኔ 2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደባቸው። ምክንያቱን ያገኘው ከ1942ቱ የስንዴ ፍርድ ነው። ያኔ አንድ ገበሬ ለራሱ ፍጆታ ከኮታው በላይ ስንዴ አምርቶ ተቀጥቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ገበሬ እንዲህ ቢያደርግ የአገሪቱ ገበያ ይናጋል ተብሎ። ለስንዴ የሠራው ለማሪዋናም ይሠራል አለ ፍርድ ቤቱ። በእኔ እምነት ሦስቱ ተቃዋሚ ዳኞች የተሻለ መከራከሪያ ነበራቸው፤ ጓሮ ውስጥ ያለ ስድስት ተክል «የአገር ንግድ» ከተባለ፣ ንግድ ያልሆነ ምን ይቀራል? ግን ሕጉ ዛሬም ያው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአብዛኛው ዝምታ ነው። በ2013 የኦባማ ፍትሕ ሚኒስቴር ለዐቃቤ ሕጎች ማስታወሻ ጻፈ፤ ግዛቱ በደንብ ከተቆጣጠረው እናንተ ሌላ ሥራ ላይ አተኩሩ የሚል። ጥር 2018 ጄፍ ሴሽንስ ማስታወሻውን ሰረዙት። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ኮንግረስ በየዓመቱ በጀት ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባል፦ ፍትሕ ሚኒስቴር የግዛቶችን የሕክምና ማሪዋና ሕግ ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ። ልብ በሉ፣ ይህ ለሕክምናው ብቻ ነው፣ በየዓመቱም መታደስ አለበት። አንድ ትልቅ ኢንዱስትሪ በማስታወሻና በበጀት አንቀጽ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ለዚህም ነው ብዙ ባንኮች የማሪዋና ሱቆችን ገንዘብ ለመቀበል የሚፈሩት። ግንቦት 2024 ፍትሕ ሚኒስቴር ማሪዋናን ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ መደብ ለማውረድ ሐሳብ አቅርቧል። ሦስተኛ መደብም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ የዴንቨሩ ሱቅ ግጭት በዚህ አይፈታም።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች እንምጣ። ዴንቨርና አውሮራ፣ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዲሲ፤ ሐበሻ በብዛት ከሰፈረባቸው ከተሞች አንዳንዶቹ ማሪዋና ቀድሞ ከተፈቀደባቸው ከተሞች ጋር ይገጣጠማሉ። ስደተኛው ደግሞ ከፌዴራሉ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሰው ነው። ቪዛ፣ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት፣ ሁሉም የፌዴራል ሥራ ነው። ኮሎራዶ ለማንም ዜግነት አትሰጥም።

ሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ግልጽ መመሪያ አወጣ፦ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደም ቢሆን፣ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ተግባር ለዜግነት የሚያስፈልገውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል። መጠቀም ብቻ አይደለም፤ በሕጋዊ ሱቅ ተቀጥሮ መሥራትም። በዚያው ዓመት ዴንቨር ውስጥ ሁለት ግሪን ካርድ ያላቸው ስደተኞች፣ አንዱ ከኤል ሳልቫዶር፣ ሌላዋ ከሊቱዌኒያ፣ በዚሁ ሥራ ምክንያት የዜግነት ጥያቄያቸው እንደተሰናከለ ተናገሩ፤ የከተማው ከንቲባ ማይክል ሃንኮክም ጉዳዩን ለፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስትር ጻፉ። ሰዎቹ ግብር ይከፍሉ ነበር፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት ውስጥ ነበር የሚሠሩት። «ተፈቅዷል» ተብለው ነበር።

ከዚህ የባሰው ነገር ጥፋተኛ መባል እንኳ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው «አዎ፣ አጭሻለሁ» ብሎ ለኢሚግሬሽን ሠራተኛ ማመኑ ብቻ ከመግባት ሊያስከለክለው ይችላል። ይህ ከጻሃል በኋላ ለጉዞ አሜሪካ ለምትሄዱም ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን እናንተ እዚያ የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ የውጭ ዜጎች ናችሁ፤ ሥዕሉ በስልካችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ተጠየቁም አልተጠየቁም ማስረጃው በኪሳችሁ ነው።

ዲሲ የባሰ አስቂኝ ናት። ኅዳር 2014 ነዋሪዎቿ በከፍተኛ ድምፅ ፈቀዱ፤ ከየካቲት 2015 ጀምሮ አዋቂ ሰው እስከ ሁለት አውንስ መያዝ፣ ቤቱም ጥቂት ተክል ማብቀል ይችላል። ነገር ግን ዲሲ ግዛት አይደለችም፣ በጀቷ በኮንግረስ እጅ ነው። የሜሪላንዱ አንዲ ሃሪስ ባስገቡት የበጀት አንቀጽ ምክንያት ከተማዋ የሽያጭ ሥርዓት ልታወጣ አልቻለችም። ውጤቱ፦ መያዝ ይቻላል፣ መስጠት ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። ሰዉም ብልሃት አበጀ፤ ተለጣፊ ሥዕል ወይም ቲሸርት በውድ ይሸጥና ማሪዋናው «ስጦታ» ይሆናል። ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ሠፈር ከዩ ስትሪት ተነስቶ ወደ ታላላቆቹ ሐውልቶች የሚሄድ ሰው ደግሞ የፌዴራል መሬት ላይ እግሩ እንዳረፈ፣ በዚያው ከተማ ውስጥ፣ ሕጉ ተለውጦበታል።

ወላጆቻችን የመጡባት አገርም እኮ ፌዴራል ናት። ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ክልል ተነስቶ ካናቢስ ቢፈቅድስ? አይችልም፤ ምክንያቱም የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 የወንጀል ሕግን ለፌዴራሉ ምክር ቤት ሰጥቶታል። ክልሎች የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችሉት ፌዴራሉ ባልነካው ጉዳይ ብቻ ነው። ዕፅን ደግሞ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ነክቶታል፤ ማምረትንም፣ ማዘዋወርንም፣ መጠቀምንም። ሻሸመኔ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት የሰፈሩት ራስታዎች ዕፁን የእምነታቸው አካል ያደርጉታል፤ ሕጉ ግን ለእነሱም አልተለየም። የአሜሪካ ዓይነቱ የሁለት ፖሊስ ክርክር ሻሸመኔ ውስጥ ሊፈጠር አይችልም።

ጫት ግን ሌላ ነው፤ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአደባባይ ይሸጣል፣ ታክስ ይከፈልበታል፣ ወደ ውጭ ይላካል። አሜሪካ ሲደርስ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከማሪዋና ጋር እዚያው አንደኛ መደብ ውስጥ ነው። እንግሊዝ እስከ ሰኔ 2014 ድረስ ትፈቅድ ነበር፣ ከዚያ ከለከለች። እስራኤል ደግሞ መሐል ላይ ናት፦ ቅጠሉ እንደ ተፈጥሮው ይፈቀዳል፤ የየመንና የኢትዮጵያ ሰዎች ያውቁታል። ከእሱ የተነጠረው ንጥረ ነገር ግን የተከለከለ ዕፅ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየኪዮስኩ ይሸጥ የነበረው «ሐጊጋት» የተባለው እንክብል የታገደውም በዚህ ነው። እና አንድ አጎት አሽዶድ ላይ በነፃነት የሚቅመውን ቅጠል ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ለዘመድ ይዞ ቢሄድ ኒውዮርክ ላይ ወንጀለኛ ነው።

እስራኤል ፌዴራል አይደለችም። አንድ ክኔሴት፣ አንድ የወንጀል ሕግ፤ የአሽዶድ ከተማ ምክር ቤት ስለ ካናቢስ የሚለው ነገር የለም። ሆኖም እዚህም የሁለት ባለሥልጣን ነገር አይጠፋም። ፕሮፌሰር ራፋኤል መሹላም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለምርምር ሐሺሽ ሲፈልጉ ከሚሽታራ አምስት ኪሎ ተቀብለው በአውቶቡስ ይዘው ሄዱ። በኋላ ፈቃድ የሚሰጠው የጤና ሚኒስቴር ነው ተባለ፤ ፕሮፌሰሩም ፖሊሱም ሕግ ጥሰው ነበር። ያ ሐሺሽ ባይኖር በ1964 የቲኤችሲን ማንነት አይለዩም ነበር። ለፕሮፌሰር በሳቅ ታለፈ።

አሁን ሕጉ እንዲህ ነው። መሠረቱ የ1973ቱ የአደገኛ ዕፆች ሕግ ነው፤ አልተሻረም። ለራስ መጠቀሚያ መያዝ እስከ ሦስት ዓመት እስር ያስቀጣል፣ ለራስ ካልሆነ እስከ 20 ዓመት። ከ15 ግራም በላይ ከተገኘ «ለራሱ አይደለም» ተብሎ ይገመታል። ክኔሴት በ2018 ጊዜያዊ ሕግ አወጣ፣ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ሠራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 1000 ሼቄል፣ ለሁለተኛ ጊዜ 2000፣ ሦስተኛው ላይ ወደ ወንጀል መንገድ ይመለሳል። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ፣ ሚያዝያ 2022፣ ፍትሕ ሚኒስትሩ ጊድኦን ሳዓር በደንብ ተኩት፦ አስተዳደራዊ ቅጣት፣ 500 ሼቄል፣ ሪሹም ፕሊሊ የሌለው።

አግዳሚው ላይ የተወራው 500 ይኸው ነው። ያልተወራው ይህ ነው፦ ደንቡ ለአካለ መጠን ያልደረሱትንም ወታደሮችንም አይመለከትም። እንግዲህ ያንን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተመልከቱት። ዛሬ ቢያዝ 500 ሼቄሉ የሱ አይደለም፤ የሚሄደው በወጣቶች መንገድ ነው፣ ምርመራ፣ ምናልባት የሕክምና ፕሮግራም፣ ምናልባት ክስ። በምልመላው ጊዜ ተከፍቶ ያለ ቲክ ፕሊሊ ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ ምልመላውን ሊያዘገይ፣ የሚፈልገውን ክፍል ሊያሳጣው ይችላል። ዓመት ቆይቶ ሲመለመል በ1955ቱ የወታደራዊ ፍርድ ሕግ ሥር ይገባል። ቅዳሜ ማታ በሲቪል ልብስ፣ ያው አግዳሚ ላይ፣ ያው ሲጋራ፦ ሲቪሉ ጓደኛው 500 ይከፍላል፣ እሱን ሜጻሕ ይመረምረዋል። ጻሃል ከ2017 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጦር ሰፈር ውጭ ለተጠቀመ ወታደር በቅድመ ሁኔታ ክስ የማይመሠረትበት መንገድ ከፍቷል፤ ይህ ግን ምሕረት እንጂ መብት አይደለም። ስለዚህ የእኛ የሁለት ሕግ ድንበር ከግዛት ወደ ግዛት አይደለም ያለው። ከዕድሜ ወደ ዕድሜ ነው፤ አብዛኛው የሠፈር ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይሻገረዋል።

ላይ ቤት ቡና የሚያፈሉት እናቶች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት፣ «ሐሺሽ»። በአማርኛችን ግራሱም፣ ሐሺሹም፣ እንክብሉም፣ ሁሉም «ሐሺሽ» ነው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ወሬው የማይጀመረው፤ ልጁ «ክናስ ብቻ ነው» ሲል፣ እናት የሚሰማት «ልጄ ጠፋ» ነው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። እኔ እንደማየው እናቶቹ ስለ ዕፁ ቢሳሳቱም ስለ አደጋው ያን ያህል አልተሳሳቱም።

ምክንያቱም ሕግ ወረቀት ላይ ለሁሉም አንድ ቢሆንም፣ ማን ኪሱ እንደሚፈተሽ የሚወስነው መንገድ ላይ ያለው ፖሊስ ነው። ከ2015ቱ ተቃውሞ በኋላ የተቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ ሐምሌ 2016 ባቀረበው ሪፖርት በማኅበረሰባችን ላይ ከመጠን ያለፈ የፖሊስ ቁጥጥር መኖሩን መንግሥት ራሱ በጽሑፍ አመነ። ወሩ ሳይዞር የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼኽ ኢትዮጵያዊን ይበልጥ መጠርጠር «ተፈጥሯዊ» ነው ብለው ተናገሩ፤ ያስነሣውን ቁጣ ታስታውሱ ይሆናል። በብዛት የሚፈተሽ ሰው በብዛት ይገኝበታል፤ ይህ ስለ አጫሹ ብዛት ምንም አይነግረንም። 500 ሼቄሉ ሬሆቮት ለሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለሮቫ ዩድ ቤት ልጅ አንድ ነው፣ የመያዝ ዕድሉ ግን አንድ አይደለም። «ለራሱ ነው ወይስ ለሽያጭ» የሚለውንም በመጀመሪያ የሚገምተው ያው ፖሊስ ነው።

ሁለት ፍርዶችን እወቁ። መጋቢት 2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቤን ሃይም ጉዳይ፣ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ለመፈተሽ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሰውየው እምቢ ማለት እንደሚችልና እምቢታው እንደማይቆጠርበት ሊነገረው ይገባል አለ። ጥር 2021 ደግሞ ጠበቃ ማኅበራችን ቴቤካ በከሰሰው ጉዳይ፣ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን መንገድ ላይ አቁሞ መታወቂያ እየጠየቁ የኮምፒውተር መዝገቡን መፈተሽ ሥልጣን የለውም ተባለ። እምቢ ማለት ግን በጨዋ ቃል ነው፤ ክርክርና ግፊያ ከተጨመረበት «ፖሊስን ማደናቀፍ» የሚባል ሌላ ክስ ይወለዳል። ብዙ የሠፈራችን ልጆች መዝገብ የተከፈተባቸው በመጀመሪያው ነገር ሳይሆን በዚህ በሁለተኛው ነው።

ጣቢያ ከደረሳችሁ፣ ከምርመራ በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አላችሁ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጠርጣሪ ከሳኔጎርያ ጺቡሪት ጠበቃ ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ወላጅ ምርመራው ላይ እንዲገኝም ይጠየቃል። ወታደር ከሆነ ደግሞ የወታደሩ የራሱ ሳኔጎርያ አለ። እናት ዕብራይስጥ ካልቻለች አስተርጓሚ ጠይቁላት። «ፈርሚ፣ ልጅሽ ይለቀቃል» የተባለችበትን ወረቀት ሳይነበብላት አትፈርም።